ሰካራም ያልነው ለፋፊ

ወንድሜ መንገሻ፣

ለጤናህ እንደምን ነህ አልልህም፤ በሕይወት እያለህ ያልጠየቅሁህን አሁን ብጠይቅህ ትስቅብኛለህ። ከተለያየን አራት ዓመት ሞላን። አፌ ውስጥ የቀሩት ጥርሶች ሁለት ናቸው፣ ደስ ይበልህ። ሰፈራችን ቀራንዮም አንተ የምታውቃት አይደለችም። ከጓሯችን ፎቅ በቅሎ ፀሐዩን ስለወሰደብን፣ ጠዋት ጠዋት ፌርማታው ጋ ወጥቼ እየሞቅሁ አላፊ አግዳሚውን እተርባለሁ። ትረባዬን እንደ አንተ የሚችልልኝ ግን አላገኘሁም።

ዛሬ የምጽፍልህ የልጅ ልጄ ሜሮን ባመጣችብኝ ጉድ ነው። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምራ ልትመረቅ ነው። የመመረቂያ ሥራዋ የሰው ድምፅ ነው አሉ፦ የፓርኪንሰን ሕመምተኞችንና የጤነኞችን ድምፅ ለኮምፒውተሩ እያሰማች ልዩነቱን እንዲለይ ታስተምረዋለች። ሕመሙ እጅ ከማንቀጥቀጡ በፊት ድምፅ ላይ ሊጀምር ይችላል አለችኝ። ድምፅ እየሰለለ ይሄዳል፣ ንግግር ይተሳሰራል፣ ፊትም ይደርቃል፤ ሰውየው ቢያዝንም ፊቱ አያዝንም። እኔ መቼ አርፌ፣ «እንግዲያው ሴት አያትሽ ጤነኛ ናት፣ ድምጿ ሰልሎ አያውቅም» ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። አንተ በየፋሲካው ስትመርቀን በስልኳ ቀርጻህ ኖሮ፣ የሦስት ዓመት ምርቃትህን ለኮምፒውተሩ ሰጥታዋለች። የመጀመሪያው ዓመት ደህና ነበርክ። በሁለተኛው ጥርጣሬ አለ። በሦስተኛው ከሕመምተኞቹ ጋር መደበህ። ሐኪም የሆኑት መምህሯ ግን «ይህ ምልክት ነው እንጂ ምርመራ አይደለም፣ በሞተ ሰው ላይ አንምልም» ብለዋታል።

ሦስተኛው ፋሲካ ከዚያ ከተረገመ ቀን ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ሳቄ እዚያው ደረቀ።

የጎረቤታችን የግርማ እናት ያረፉ ጠዋት ጥሩምባህን ይዘህ ወጣህ። ሃያ ዓመት የእድራችን ለፋፊ ስትሆን፣ ድምፅህ አስኮ ድረስ ይሰማል እየተባለ ይቀለድ ነበር። ያን ጠዋት ከላይኛው መንደር አንድም ሰው አልሰማህም። ቀብሩ ላይ የቆመው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ግርማ ኮሌታህን ጨምድዶ «እናቴን እንደ ውሻ አስቀበርካት! ምን ጠጥተህ ነው?» ሲልህ፣ እየተንገዳገድክ የሆነ ነገር አልጎመጎምክ። ፊትህ ላይ ሐዘንም እፍረትም የለም። ንቀት መሰለን። ጨጓራህ ከመጠጥ ካፋታህ ስንት ዘመኑ! እኔ አውቅ ነበር። እያወቅሁ፣ በሰው ፊት ስላፈርኩብህ፣ ከሁሉ ቀድሜ በከዘራዬ እጀታ አፍህን መታሁህ። ከንፈርህ ተተረተረ። ደምህ ጋቢዬ ላይ ተረጨ። ታላቅህ ከመታህ ማን ይምርሃል? ጥለው በጫማ ረገጡህ። የጎድን አጥንትህ ሲሰበር ሰምቻለሁ። አልጮህክም። ወይም ጮኸህ ነበር፣ እኛ ነን ያልሰማንህ።

እድሩ ሰካራም ብሎ ሰረዘህ። በስምንተኛው ወር ስታርፍ ድንኳን አልተተከለልህም፣ ጥሩምባም አልተነፋልህም። የስንቱን ሞት የለፈፍክ ሰውዬ፣ ያንተን የሚለፍፍ ጠፍቶ ዘጠኝ ሆነን ቀበርንህ።

ባለፈው እሑድ ሜሮንን አስከትዬ የእድሩ ስብሰባ ላይ ገባሁ። ዳኛው «አባባ፣ አጀንዳ አላስያዙም» ቢለኝ ጠረጴዛውን በከዘራዬ ስነርተው ብርጭቆው ሁሉ ወለል ላይ ተፈረካከሰ። «አጀንዳዬ ወንድሜ ነው!» አልኩት። ሜሮን ሦስቱን ምርቃቶችህን አከታትላ አሰማቻቸው። ሦስተኛው ላይ አንዲት እናት «ውይ፣ መንጌ ታሞ ነበር እንዴ?» ብለው ደረታቸውን ደቁ። ሜሮን የመምህሯንም ማስጠንቀቂያ አልደበቀችም። ግርማ ግን «ማሽን ነው አሁን የሚፈርድብን? እኔ ነኝ የገደልኩት ልትሉ ነው?» ብሎ ወንበር አነሣብኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ የሄድኩት ግርማን ላዋርደው ነበር። ለሜሮን «ያስደበደበው እሱ ነው» ስላት ነው የኖርኩት። እሷም በመሃላችን ገብታ «እሺ፣ ጋሼ መንጌን መጀመሪያ የመታው ማነው?» ብላ ግርማ ላይ ጮኸች። ቤቱ በሙሉ ያውቃል። ሁሉም ግን ሽበቴን አክብሮ መሬት መሬት ያያል። ዝም ብል አንድም ሰው አያጋልጠኝም ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ግርማ፣ ወንበሩን ሰንዝረው። ብቻ አንተ ከእኔ በኋላ ነው የመታኸው።»

ግርማ ወንበሩን አውርዶ ተቀመጠበት። ስምህ ይመለስ ሲባል ቀድሞ እጁን ያወጣው እሱ ነው። ተመለሰልህ።

ሜሮን ግን እስከ ዛሬ አላናገረችኝም። ቁርሴን አስቀምጣ ትሄዳለች፣ ብተርባትም አትስቅም። ልክ ናት፣ አልቀየማትም። አንተን ግን አልረሳህም፣ እንዲሁ በደግ በደጉም አላስታውስህም። ስምህ በተነሣበት ሁሉ የመቱህን ስቆጥር፣ ቁጥሩን ከራሴ እጀምራለሁ።

ታላቅህ፣
በላቸው