ጥፋቱ የግራፊክሱ ነው

ይድረስ ለልጄ፤ እንደምን ከርመሻል? እኔና እናትሽ ደህና ነን።

ትተሽልኝ የሄድሽው ላፕቶፕ ግን አስቸግሮኛል። ስክሪኑ መሃል ላይ ጥላ ተጋርጦ ፊደል ይውጥብኛል። «ግራፊክሱ ሄዷል» ብዬ ኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ጠጋኙ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኘውና «አባባ፣ ይኸው! ሁለቱም ላይ ጥርት ብሎ ይታያል» አለኝ። ጥላው እዚያም ላይ አለ! «እንግዲያው ቴሌቪዥንህም ተበላሽቷል» ብዬው ላፕቶፔን ታቅፌ ወጣሁ። ይኼም ባለሙያ ተብሎ!

እናትሽ ከዚያ ወዲህ መንገድ ስንሻገር ክንዴን ሙጥኝ ትላለች። መኪና መፍራት ጀምራ ይሆናል ብዬ ተውኳት። ይኼንንም ደብዳቤ «እኔ ልጻፍልህ» ብትለኝ እምቢ አልኩ። ለገዛ ልጄ ራሴ እጽፋለሁ!

በይ ደህና ሁኚልኝ፣ ዓለሜ። መስመሩ ከተጣመመብሽ ጠረጴዛው ዘመም ስላለ ነው።

አባትሽ