አዎ ያልኩ ለት

ሸዋ ሮቢት፣ ሚያዝያ 1997 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ከረምክ? ያ በድምፅ ማጉያ ስትጮህበት የከረምከው ጉሮሮህ ዳነልህ ወይ? ማር በሎሚ ጠጣበት፣ ቀዝቃዛ ነገር ተው። እኔ ምን እሆናለሁ ብለህ፣ አለሁ። ሙቀቱ ከፍቷል፤ ሽንኩርቱም ውሃ አጥቶ ሳይሞላ ተነቀለ።

ነገር አላሳምርልህም፤ ተቀይሜሃለሁ። የገበያው ለት በምርጫ ክርክሩ ላይ ያ ተፎካካሪህ፣ የደርግ ሊቀመንበር ያሳደገው ልጅ ስለ ፍትሕ ምን አፍ አለው ብሎ ሲዘልፍህ፣ ልጄ መልስ አያጣም ብዬ ነበር። መልስ ሞልቶህ! አዎ፣ የእንጀራ አባቴ ብርሃኔ የቀበሌ ሊቀመንበር ነበር፤ ለብሔራዊ ውትድርና የሰው ልጅ አሳፍሷል፤ ለዚያም ታስሮ ወጥቷል፤ እኔን ግን እንደ ልጁ አሳድጎኛል ብትል ማን ይበላህ ነበር? አንተ እቴ! እናቴን በጠመንጃ አስፈራርቶ ነው ያገባት፣ እኔም ከዚያ ቤት ያመለጥኩ ነኝ አልክ። ሰዉ አጨበጨበልህ። ብርሃኔ አንተን ሊሰማ ኮቱን ለብሶ ከጎኔ ቆሞ ነበር። ቀስ ብሎ እጁን ከክንዴ ላይ አነሳ።

የምን ጠመንጃ ነው ልጄ? አባትህ ከሞተ በኋላ፣ አንተን አዝዬ መሠረተ ትምህርት ስሄድ ነው የተዋወቅነው። ይኸን የምጽፍበትን ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። ሽማግሌ የላከው እሱ ይሁን እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ፣ ላክ እንጂ ያልኩት እኔ ነኝ። እንግዲህ ዕወቀው፣ እናትህ እንዲህ ዓይን አውጣ ነበረች።

ከዚያ ደግሞ የተፎካካሪህ ሰዎች ውሸቱን ነው፣ እናቲቱ ትመስክር ብለው ያዙህ። አንተም አንዲት አዎ ብቻ በይልኝ፣ አለዚያ አለቀልኝ ብለህ ሰው ላክህብኝ። ሞቼ ነው ቆሜ! አልኩ። ለብርሃኔ ብነግረው፣ በይለት፣ እኔ ድሮም የተጠላሁ ሰው ነኝ፣ ልጃችን ከሚዋረድ እኔ ልዋረድ አለኝ። ሰደብኩት፣ አለቀስኩ፣ አልሰማኝም። በነጋታው ሕዝብ ፊት ተነስቼ አዎ አልኩ።

ከዚያ ወዲያማ ምኑ ይወራል። ብርሃኔ ሻይ ቤት ሲገባ ሰው ይነሳበት ጀመር። ያቺ ባለሱቋ ጎረቤታችን ዓለምፀሐይ፣ ስኳሩን ፊት ለፊት ደርድራ የለም ትለዋለች። እኔን ሴቶቹ እያቀፉ አይዞሽ ይሉኛል። አብረን ቤተ ክርስቲያን ብንሄድ፣ ዛሬም ያስገድዳታል ብለው በድንጋይ ሊሉት ቃጣቸው። ሲመረው ካራቆሬ እህቱ ዘንድ ሄደ። እስከ መናኸሪያ ልሸኝህ ብለው፣ ያዩሻል፣ ልጁንም ትጎጂዋለሽ፣ ቅሪ አለኝ። ቀረሁ።

ምርጫው ይለፍና ብርሃኔን ከሰዉ አስታርቀዋለሁ ብለህ ጽፈህልኛል። ተወው ልጄ። ረቡዕ ካራቆሬ ተቀበረ። ደረቱን ነበር የሚያመው፤ እዚያ ደግሞ ትኩስ ነገር የሚያስብለት ማን አለ? ሄጄ ከሴቶቹ ኋላ ቆምኩ። ባሌ ብዬ እንዳልጮህ አዎ ያልኩት አፍ ነው ያለኝ። እህቱ ዞራም አላየችኝ። ላንተ ያላስነገርኩት ብትመጣም ብትቀርም የሚወራብህን ፈርቼ ነው።

ትናንት ዓለምፀሐይ የሰፈሩን ሴቶች አስከትላ መጣች። ለቅሶ ሊደርሱኝ መስሎኝ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተቀመጥኩ። እንኳን ተገላገልሽ አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው።

አልረግምህም፤ እናት ነኝ። ምርጫው ይቅናህ። ክፉ አይንካህ። የወለድካቸው አይካዱህ።

እናትህ