ከአሥራ ሰባተኛው ትምህርት ስለተረፈው ድምፅ፦ ለእርዳታ ክፍሉ ኃላፊ

ለተከበሩ የድምፅ መቅጃና ማስተካከያ ፕሮግራም አምራች ድርጅት የደንበኞች እርዳታ ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላው ክፍልዎን ጤንነት ከእንጅባራ ሆኜ በታላቅ አክብሮት እመኛለሁ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጉልበቴን ብርዱ ከሚያስቸግረኝ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ማውራቴ ድፍረት ቢመስልም፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ከማንም ሰው ይበልጥ የተጻጻፍኩት ከእርስዎ ክፍል ጋር በመሆኑ የዝምድና ቢጤ ተሰምቶኝ ነው። ለዘጠኝ ደብዳቤዎቼ ዘጠኝ መልስ አግኝቻለሁ፤ ስድስቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃል አንድ ዓይነት ናቸው። የገዛ ወንድሜ እንኳ እንዲህ ሳይታክት መልሶልኝ አያውቅም።

አሥረኛውን በአደባባይ የምጽፈው፣ የአቤቱታ ሳጥናችሁ ከሁለት መቶ ፊደል በላይ ስለማይቀበል ነው። ላሳጥረው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ስሜ አድማሴ ክንዴ ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። አዊኛ ለማያውቁ የከተማ ልጆች ይጠቅማል ብዬ የአዊኛ ቃላትን ከነአማርኛ ፍቺያቸው በድምፅ ለመቅዳት ከሦስት ዓመት በፊት ፕሮግራማችሁን ላፕቶፔ ላይ ጫንኩ። እስካሁን አርባ ትምህርት ቀድቻለሁ። አቤቱታዎቼም የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፦ ፕሮግራሙ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አንዲት ቃል ሳይቀዳ፣ የሚቀዳ መስሎ ቀይ ምልክቱን እያበራ ትዕግሥት ስላስተማረኝ አመሰግናለሁ። ክፍልዎ «ማይክራፎኑ መሰካቱን ያረጋግጡ» ሲል መከረኝ፤ ተሰክቶ ነበር። ለካ ፕሮግራሙ የሚያዳምጠው የሰካሁትን ሳይሆን ከላፕቶፑ ጋር የመጣውንና ከተበላሸ የቆየውን ማይክራፎን ኖሯል። ይህ የሚስተካከልበትን ቦታ በአሥራ አምስተኛው ቀን ራሴ ፈልጌ አገኘሁት።

ሁለተኛ፦ ባለፈው ጥር፣ ከድምፄ ሥር የሚንሾካሾክ ነገር ይሰማል ብዬ ብጽፍ «ጸጥ ያለ ክፍል ይምረጡ» ተባልኩ። ምክሩ ግሩም ነው። ነገር ግን ባለቤቴ እንቁ ካረፈች ወዲህ ከሦስቱ ክፍሎቼ ይበልጥ ጸጥ የሚለው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ተቸግሬአለሁ። በመጨረሻ የእንግዳ ክፍሉን መረጥኩ፤ እንግዳ ስለማይመጣ።

ሦስተኛ፦ ይህን ለማስረዳት ስለ እንቁ ጥቂት መናገር ግድ ይለኛል። እንቁ የዘንገና ገበሬ ልጅ ነበረች፤ አዊኛን ከእናቷ አፍ፣ እርሻ ለእርሻ ስትከተል የለመደች። እኔ ከተማ ያደግሁ በመሆኔ አንዳንዱን ቃል ከወረቀት ነው ያገኘሁት። ስለዚህ ልቀዳ በተቀመጥኩ ቁጥር ከወጥ ቤት ሆና ታርመኝ ነበር። እኔም «ዝም በይ» እላትና፣ ቀድቼ ስጨርስ በእናንተ መቁረጫ ድምፅዋን እየፈለግሁ አወጣዋለሁ። መቁረጫው እጅግ ጥሩ ነው፤ ይህን ያለ አንዳች ሽሙጥ እመሰክራለሁ። የተቆረጠበትን ቦታ እኔ ራሴ እንኳ ተመልሼ አላገኘውም።

በየካቲት ልጄ ሃና ከሐዋሳ ደወለችልኝ።

«አባዬ፣ የእማዬ ድምፅ ከጆሮዬ እየጠፋብኝ ነው» አለች። «አንተ ስትቀዳ አጠገብህ አልነበረች? እስቲ የእሷን ፈልገህ ላክልኝ።»

እልክልሻለሁ አልኳት። ሦስት ቀን ተቀምጬ ትምህርቶቹን በሙሉ አዳመጥኩ። አንድ ሽማግሌ ቃል ያነባል፣ ፍቺውን ይናገራል፣ ቀጣዩን ያነባል። የሚያቋርጠው ሰው የለም።

የተቆረጠ ድምፅ እንዴት እንደሚመለስ ለክፍልዎ ጻፍኩ። «ፋይሉ ሴቭ ተደርጎ ከተዘጋ በኋላ የተቆረጠው አይመለስም። ሌላ የምንረዳዎ ነገር አለ?» የሚል መልስ በፍጥነት ደረሰኝ። ሌላ ነገር አልነበረም።

ሆኖም ከልብ የማመሰግንበት ጉዳይ አለ። ፕሮግራማችሁ አንዳንድ ጊዜ ያለ ምክንያት በሥራ መካከል ድርግም ብሎ ይዘጋል። አሥራ ሰባተኛውን ትምህርት ስቀዳ እንዲሁ ሆኖብኝ፣ በማግስቱ እየተነጫነጭኩ እንደ አዲስ ቀድቼው ነበር። ያ ሳይጠናቀቅ የቀረው ቅጂ ግን፣ ስሙ ቁጥር ብቻ በሆነ ፋይል ውስጥ፣ ማንም ሳይነካው ተቀምጦ ኖሯል። እንዳገኘሁት ከፈትኩት። ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እኔ አነባለሁ፤ ከዝናቡ ኋላ የሰው ድምፅ አለ። ቃሉ አይለይም እንጂ እሷ ናት።

በክፍልዎ ምክር መሠረት ድምፅ ማጽጃውን ተጫንኩ። ዝናቡ ጠፋ፤ እንቁም ጠፋች። የእኔ ድምፅ ብቻ ኩልል ብሎ ቀረ። ፕሮግራማችሁ የቤቴን እመቤት ከዝናቡ ጋር ስለ ቆጠራት አልተቀየምኩም፤ እኔም እስክታርፍ ድረስ የሠራሁት ይህንኑ ነው። ወደ ነበረበት መለስኩትና ሴቭ ሳላደርግ ዘጋሁት።

ከዚያ ዳንግላ ውስጥ ለአንድ የወንጌል አማኞች ጉባኤ የድምፅ መሣሪያ የሚቆጣጠር ጢሞቲዎስ የሚባል ሰው እንዳለ ሰማሁና፣ ላፕቶፔን ታቅፌ በሚኒባስ ሄድኩ፤ ከመናኸሪያው በጋሪ። በአርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ሦስት ጊዜ ሰማው።

«ጋሼ፣ አያጽዱት» አለኝ። «የእሳቸው ድምፅና ዝናቡ ተያይዘዋል። ዝናቡን ካወጣን እሳቸውም አብረው ይወጣሉ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ከነዝናቡ ከፍ እናድርጋቸው።»

የእኔን ዝቅ፣ የእሷን ከፍ አደረገው። አዊኛ ስለማይሰማ ምን እንደምትል ጠየቀኝ።

«እንዲህ አይባልም ነው የምትለኝ» አልኩት። «እናቴ ብትሰማህ በሳቅ ትሞት ነበር ነው የምትለው።»

ቀጥሎ የእኔ ድምፅ መጣ፤ «ዝም በይ እንጂ እንቁ፣ እየቀዳሁ ነው።» እሷም መለሰች፤ ይህን በአማርኛ ስለተናገረች መተርጎም አላስፈለገኝም፤ «ቅዳ፣ ቅዳ። ስህተቱን ቅዳ።» እዚያ ላይ ፕሮግራማችሁ ይዘጋል።

ጢሞቲዎስ ምሳ ካልበሉ አይሄዱም ብሎ ቤቱ ወሰደኝ። ከሰው ጋር ከበላሁ ሰንብቼ ስለነበር ብዙ አወራሁ መሰለኝ፤ እሱ ግን ፊደል ሳይቆጥር እስክጨርስ ሰማኝ።

አራተኛ፦ ድምፁን ለሃና ላክሁላት፤ በማግስቱ ደወለች። ኔትወርኩ የጠፋ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «አባዬ፣ ዝም በይ የምትላት አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ትላት ነበር?»

«በቀዳሁ ቁጥር።»

ይህ አራተኛው አቤቱታ በክፍልዎ ላይ የቀረበ አይደለም፤ ለየትኛው ክፍል እንደሚቀርብ ስላላወቅሁ ከሌሎቹ ጋር አካተትኩት።

እንግዲህ ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ሥራዎ እንዲቃና፣ ፕሮግራማችሁም ሰውን ከዝናብ የሚለይበትን ዕድሜ እግዚአብሔር እንዲያድለው እየተመኘሁ፣ በክፍልዎ ውስጥ ለሚሠሩ ሰዎችም፣ ካሉ፣ የከበረ ሰላምታዬን እንዲያደርሱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አክባሪዎ
አድማሴ ክንዴ፣ ጡረተኛ መምህር
እንጅባራ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ከክፍልዎ መልእክት ደረሰኝ፤ «ሰላም፣ እንዴት ሰነበቱ? አስተያየትዎን ይጻፉልን» ይላል። ሳምንቱን ሙሉ እንዴት ሰነበትክ ያለኝ እሱ ብቻ ስለነበር መልሱን ተጠንቅቄ ጻፍኩት፤ ግማሽ ገጽ ወጣው። ስልከው «ይህ አድራሻ መልስ አይቀበልም» ተባልኩ። ስለጠየቃችሁኝ ግን እግዚአብሔር ይስጥልኝ።