በድራማው ሰዓት የደወልክ ቀን

ውድ ኔቪል፣

የፊታችን አርብ ከሰዓት በኋላ ትሞታለህ። አትደንግጥ፣ በሬዲዮ ነው። ለመርከቦች መንገድ የሚያሳይ የመብራት ግንብ ጠባቂ ሆነህ የተጫወትክበት ያ የድሮ ድራማ ሰሞኑን በየቀኑ እየተደገመ ነው። አርብ የመጨረሻው ክፍል ይተላለፋል፤ ባሕሩም ይወስድሃል። እማዬ ግን ይህን አታውቅም። የምጽፍልህ ለዚህ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱን ለመናገር ግን መጀመሪያ ድፍረት ማሰባሰብ አለብኝ።

እማዬ መርሳት ጀምራለች። “ጀምራለች” ያልኩት ለራሴ እንዲቀለኝ ነው እንጂ እኔን አብዛኛውን ቀን የምትጠራኝ “አንቺ ነርስ” እያለች ነው። ሬዲዮዋን ግን አልረሳችም። ስትነሳ ይከፈታል፣ ስትተኛ ይዘጋል። ጠዋት ተወያዮቹ ስለ ኑሮ ውድነት ሲከራከሩ እሷም ወጥ ቤት ቆማ አብራቸው ትከራከራለች። “ይሄ ሰውዬ ሲለፈልፍ ይውላል እንጂ ድንች ልጦ አያውቅም!” ትላለች። ቀትር ላይ ኮሜዲው ሲመጣ ስቱዲዮ ያሉት ታዳሚዎች ሳይስቁ ቀድማ ትስቃለች፤ ቀልዱ ይግባት አይግባት እንጃ። ከዚያ የድራማው ሰዓት ይደርስና አንተ ትመጣለህ።

“መጣ” ትለኛለች። ሽርጧን ታወልቃለች፣ ፀጉሯን ታስተካክላለች። አንድ ቀን አንተ በዚያ ወፍራም ድምፅህ “ኧረ በዚህ ብርድ ሻይ የሚያፈላልኝ ሰው ይጥፋ?” ስትል ብድግ ብላ ማንቆርቆሪያውን ጣደች። ወተት አድርጋበት ከሬዲዮው ፊት አስቀመጠችልህ።

“ይቀዘቅዝበታል እኮ፣ እማዬ” አልኳት።

“ዝም በይ፣ እያወራ ነው!” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ታፈላልሃለች።

የቤታችን ሕግ ትዝ ይልሃል አይደል? በድራማ ሰዓት ስልክ አይደወልም፣ በር አይንኳኳም። አባባ ሰው ካንኳኳ ከውስጥ ሆኖ “ቤቱ ውስጥ ማንም የለም!” ብሎ ይጮህ ነበር፤ ጎረቤቶቹም እሺ ብለው ይመለሱ ነበር። እሱ ሲሞት አንተ ቀረጻ አለብኝ ብለህ ከቀብሩ ቀረህ። በማግስቱ ስትመጣ እማዬ በዘመድ ሁሉ ፊት “ከእንግዲህ ልጄ አይደለህም” አለችህ። ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ፣ አንተም እግርህን ከዚህ ቤት አነሳህ።

ባለፈው ሳምንት ደወልክ። ያን ያህል ዘመን ጠፍተህ የደወልከው በድራማው ሰዓት! አይ ኔቪል! ድምፅህን ስሰማ ደንግጬ “ኔቪል ነው” ብዬ ስልኩን ለእማዬ ሰጠኋት። እሷ ዓይኗን ከሬዲዮው ላይ አልነቀለችም። እዚያ ውስጥ አንተ ከማዕበሉ ጋር ትጨቃጨቅ ነበር።

“እኔ ነኝ እማዬ፣ ኔቪል ነኝ” ስትላት አጠገቧ ሆኜ ሰምቼሃለሁ።

“የኔን ልጅ አውቀዋለሁ” አለችህ። “አንተ ልጄ አይደለህም። ሁለተኛ እዚህ እንዳትደውል!”

ጆሮህ ላይ ዘጋችውና ወደ እኔ ዞረች። “አጭበርባሪ ነው። የኔ ልጅ ቢሆን በድራማ ሰዓት ይደውላል?”

ይሄኛውን አንተ አልሰማህም። አንተ የሰማኸው የድሮውን እርግማን ነው። ማታ “ገባኝ፤ ሁለተኛ አላስቸግራችሁም” የሚል መልእክት ላክህልኝ። አንድ መስመር ብመልስልህ ይበቃ ነበር፦ ጠቡን ረስታዋለች፣ ቀኑን ሙሉ የምትጠብቀው አንተን ነው። አልመለስኩልህም። ደስ ስላለኝ ነው ያልመለስኩልህ።

እግሯን የማጥብላት እኔ፣ መድኃኒቷን የምሰጣት እኔ። ስሜን የማታስታውስ እናት ያንተን ድምፅ ከባሕር ጩኸት መሃል ትለየዋለች። “ይበለው፣ እሱም ይቅመሳት” አልኩ በልቤ። እንዲህ ያለ ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር። አሁን የቀዘቀዘ ሻይህን በደፋሁ ቁጥር ያ መልእክትህ ትዝ ይለኛል። ደውዬ ያልነገርኩህም ድምፅህን ስሰማ መዋሸቴ ስለማይቀር ነው፤ ራሴን አውቃለሁ።

አርብ እማዬ እንዳትሰማው ለምን ሬዲዮውን አልዘጋውም ብዬ ትናንት ሞከርኩት። አንተ በማውራት ላይ እያለህ ዘጋሁት።

“ምን አደረግሽው?” አለችኝ። “አንቺ ሴትዮ፣ ልጄን ምን አደረግሽው?” እጄን ጨምድዳ ይዛ አለቀሰች። መልሼ ከፈትኩላት።

የመጨረሻውን ክፍል አውቀዋለሁ። መጀመሪያ የተላለፈ ጊዜ መኪናዬን መንገድ ዳር አቁሜ ብቻዬን ሰምቼ አልቅሻለሁ፤ ይህንንም ነግሬህ አላውቅም። ትጣራለህ፣ ማንም አይመልስልህም፣ ከዚያ የሚሰማው የባሕር ድምፅ ብቻ ነው። እማዬ ይህን ሰምታ ምን እንደምትሆን እንጃ። ስልክም አይረዳንም፤ በስልክ ስትሰማህ እንዳላመነችህ አይተሃል።

ስለዚህ ና። ይህ ደብዳቤ ነገ ይደርስሃል፤ ከለንደን በጠዋቱ ባቡር ከተሳፈርክ ለድራማው ሰዓት እዚህ ግሪምስቢ ትገባለህ። በጓሮ በኩል ና፣ በሩን አልቆልፈውም። ከተጀመረ ሕጉን ታውቃለህ፤ ትንፍሽ ሳትል አባባ ወንበር ላይ ተቀመጥ። እኔን በኋላ እንደልብህ ውቀሰኝ፣ አፌን አልከፍትም። እማዬ ፊትህን ላታውቀው ትችላለች፤ አትቀየማት። ባሕሩ ሲወስድህ ስምህን መጥራቷ አይቀርም። ያኔ “እማዬ፣ ሻይ የለም እንዴ?” በላት። እኔ ሬዲዮውን አጠፋለሁ፤ አንተ ቀጥል።

ነርሷ እህትህ፣
ብሬንዳ