ስሞት እንድትመጡበት የሰጠሁት አድራሻ

ለተከበሩ አቶ ዘርይሁን
የዶን ሸለቆ ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር
ቶሮንቶ

ጥር 20 ቀን 2003 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ይህች ደብዳቤ ስትደርስዎ የወገብዎ ሕመም ለቆዎት፣ የዘንድሮው በረዶም ሳያዳልጥዎ፣ ከመላው ቤተሰብዎ ጋር በሙሉ ጤንነት እንድታገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ጄን ኤንድ ፊንች ካለው ሕንፃ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ መጋረጃዬን ዘግቼ፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግሁት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ ያስገባሁት እንደጠፋ ስለነገሩኝ፣ ይቺኛዋ በየምግብ ቤቱ ግድግዳ ብትለጠፍ አትጠፋም ብዬ ነው። ማኅበርዎ የዋለልኝ ውለታ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብኝ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

1. ከሁለት ዓመት በፊት ቶርንክሊፍ ፓርክ ስኖር፣ ክፍሌ የተባለው አባልዎ ወደ ሥራ በምሳፈርበት ፌርማታ ላይ ጠዋት ጠዋት ሁለት ቡና ይዞ ይቆም ነበር። አልፈልግህም ብዬው እንኳ በማግስቱ ይመጣል፣ አውቶቡስ ብቀይር እሱም ይቀይራል። በዚህ የተነሳ አቤቱታዬን ጽፌ፣ ቀን አድርጌበት፣ ፈርሜ ለማኅበርዎ አስገባሁ። ማኅበርዎም ጉዳዩን በጥሞና ከመረመረ በኋላ ልጁ ያገር ልጅ እንደሆነ፣ ብቸኝነት እንዳጠቃው፣ የእኔም ዕድሜ ቆሞ እንደማይጠብቀኝ ገልጾልኛል። ዕድሜዬን ሳልጠይቅ ስላስታወሱኝ እጅ እነሳለሁ።

2. ባለፈው ጥቅምት ዕቃዬን ጠቅልዬ አሁን ወዳለሁበት ቤት ገባሁ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ለካ ይሄ ነው። አዲሱን አድራሻዬን ከእህቴ ሌላ የሰጠሁት ለማኅበርዎ እድር ብቻ ነበር፤ ያም ስሞት የት እንደምትመጡ እንድታውቁ ብዬ ነው። ጸሐፊዎ ወይዘሮ ቆንጂት ግን እስክሞት መጠበቅ ከብዷቸው፣ አሳዘነኝ ብለው ከመዝገቡ ገልብጠው ለክፍሌ ሰጡት፤ ይህንንም የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፣ ያውም እየሳቁ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል። እዚህ ላይ ማንንም ውሻ ማለቴ አይደለም፤ የማወራው ስለ ቀዳዳው ነው።

3. በኅዳር ወር ያዘጋጁትን የፊልም ምሽት እንዴት እረሳዋለሁ! ስለ ባህል ልውውጥ ተብሎ የስፔን ፊልም ቀረበልን። አንድ የቁልፍ ሠራተኛ የአንዲት ሴት በር ሊጠግን ሄዶ ይወዳታል፤ ቁልፏን አስመስሎ ይቀርጽና እሷ ሥራ ስትውል ቤቷ እየገባ አበባዋን ያጠጣል፣ ሾርባ ሠርቶ ይወጣል፣ እጮኛዋንም የሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆልፎበት ይሄዳል። ፊልሙ በእንዲህ ዓይነቱ ፍቅር ላይ ሊቀልድ የተሠራ መሆኑ ግልጽ ነበር፤ እኔም እንደ ሰው ስቄያለሁ። ይሁን እንጂ ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ ተብሎ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው አቋረጣችሁት። ያኔ ክፍሌ ተነሥቶ እኔን እኔን እያየ፣ እውነተኛ ፍቅር በር አይመልሰውም ብሎ ተናገረ፤ እርስዎም ይጨብጨብለት አሉ። ስፔናዊው ቁልፉን በላቡ ነው የቀረጸው፤ የኛው ግን ከወይዘሮ ቆንጂት መዝገብ በነፃ ወሰደ።

4. ከገና በኋላ በነበረው እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ልከውልኛል። የእህቴ ልጅ ሔርሞን እኔ ጋ ነበረች፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች፣ ሰዎቹ ኮታቸውን ሳያወልቁ በሩ ላይ ተደርድረው ሲቆሙ ሰው የሞተ መስሏት ደነገጠች። ለካ ያ አቤቱታዬ እናንተ ዘንድ የተኳረፉ ሰዎች ጉዳይ ሆኖ ቆይቶ፣ የእርቁ ማሳረጊያ ጋብቻ እንዲሆን ተወስኗል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! ሽማግሌ አክባሪ ሆኜ ስላደግሁ ወንበር ሰጠኋቸው፤ በዚህ እስካሁን እቆጫለሁ። እምቢ ስላቸው ትልቁ ሽማግሌ በሐዘኔታ አዩኝና “ልጄ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በብርድ የቆመልሽን ሰው ምን ጎደለው ትያለሽ?” አሉኝ። በመስኮት ወደ ታች ብመለከት ክፍሌ ቪዚተር ፓርኪንግ ላይ መኪናውን አስነሥቶ ቀና ብሎ ያየኛል። ያን ጊዜ ፈራሁ፣ አቶ ዘርይሁን። ሔርሞን የተባለውን ስተረጉምላት ስልኳን አንሥታ ፖሊስ ኮል አደረገች፤ በዕድሜ ከሁላችንም ታንሳለች።

ፖሊሱ ከዚህ በፊት ለማን አመልክተሽ ነበር ብሎ ጠየቀኝ፤ ለእናንተ ነው አልኩት። ማስረጃ ካመጣሽ ነገሩ ትናንት እንዳልጀመረ ፍርድ ቤት ያውቀዋል አለኝ። የዚያችን አቤቱታ ግልባጭ ስለምንዎ መጀመሪያ ጠፍቷል አሉ፤ ቀጥለው ደግሞ የአበሻ ገመና ለፈረንጅ አይሰጥም አሉ። የጠፋ ወረቀት እንዴት አልሰጥም ይባላል? የእኔን ገመና ለመጠበቅ ያሳዩት ትጋት ግሩም ነው፤ ምነው አድራሻዬን ስታድሉት አላስታወሳችሁም? ክፍሌ እንዳይጠጋኝ ለማሳገድ ፍርድ ቤት የምንቀርበው የፊታችን ሐሙስ ነው፤ ግልባጩ እስከ ረቡዕ ይድረሰኝ። ካልደረሰኝ ዳኛው ፊት የምቆመው በባዶ እጄ ነው፤ ክፍሌ ደግሞ ሦስት ሽማግሌ ምስክር አለው።

ለማኅበርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎም አንድ ቀን በርዎን የሚጠብቅልዎ እንዲሁ የማይሰለች ወዳጅ እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

የእድር መዋጮዋን አንድም ወር አጓድላ የማታውቅ፣ እስካሁንም ያልሞተች አባልዎ፣
ሥርጉት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከወይዘሮ ቆንጂት ተውሼ የጨረስኩትን ፊልም ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ፤ ያቋረጣችሁትን ሃያ ደቂቃ እባክዎ ይዩት። ሰውየው ቁም ሳጥኗ ውስጥ ሲደበቅ ሴትየዋ ከውጭ ቆልፋ፣ ሳጥኑን ከነሰውየው ሸጠችው። የኔ ቁም ሳጥን ግን ሰው አይይዝም፤ ስለዚህ ያችን ወረቀት እፈልጋታለሁ። የምትልኩበት አድራሻ ከጠፋባችሁ ክፍሌን ጠይቁት፤ ዛሬም ታች ቆሟል።