ለታደለች ቤት የወጣው መብራት

ሰኞ

ዕጣው ወጣ። ታደለች መብራቱን አገኘች፤ አበበች ባዶ ወረቀት ዘረጋች። ሁለቱ አጥር የሚጋሩ ጎረቤቶች ናቸው። ልጆቻቸው ምሕረትና ሣራ ስምንተኛ ክፍል አብረው ይማራሉ። ስንት ሰው ባለበት እነዚህ ሁለቱ መለያየታቸው ቅር አሰኘኝ። ግን ዕጣ ዕጣ ነው።

መንደሯ ከምዕራብ ዓባያ ወደ ላይ፣ በሞተር ነው የሚወጣው። የመብራት ምሰሶው ከቆመ ቆየ፤ ሽቦው የለም። የጥናታችን ጥያቄ ቀላል ነው፦ ቤት ውስጥ የሶላር መብራት ቢገባ ልጆች የበለጠ ያጠናሉ ወይ? ግማሾቹ ቤቶች ያገኛሉ፣ ግማሾቹ ለማነጻጸሪያ እንደነበሩ ይቆያሉ። መብራቶቹ በጥቅምት መምጣት ነበረባቸው። ጉምሩክ ላይ ቆይተው የደረሱት የስምንተኛ ክፍል ፈተና አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው።

መመሪያውን ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ከቡድኑ ጋሞኛ የሚችል ሌላ ሰው የለም። "መብራቱ ከግቢ አይወጣም፣ ለጎረቤት አይዋስም" አልኩ። ታደለች እጇን አወጣች፤ "ልጆቹ እኔ ቤት ሆነው አብረው ቢያጠኑስ? ድሮም እንደዚያ ነው የሚያጠኑት" አለች። መመሪያው ስለዚህ ምንም አይልም። ሁሉም እኔን ያያል።

"ለጊዜው ባይሆን ይሻላል" አልኳት።

ሙቀቱ ከብዶኝ ነበር፤ ገና የሚጎበኝ ብዙ ቤትም ነበረ። እንዲያው አፌ ላይ የመጣልኝን ነው ያልኩት።

ለነገ፦ ቻርጀር። ውሃ። የወባ መድኃኒት መጠየቅ።

ማክሰኞ

ጥሩ ቀን። ታደለች ቤት መብራቱ ከወጋግራው ላይ ተሰቅሏል። ምሕረት ትናንት ማታ ሳይንስ ስታነብ አምሽታለች። "እንደ ኩራዙ አይጨስም፤ ዓይኔን አላቃጠለኝም" አለችኝ። ደስ አለኝ። ለዚህ ነው የምለፋው ብዬ ሞተሩ ላይ ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

አበበች ቤትም ገባሁ። ሙዝ አቀረበችልኝ። ከታብሌቱ ላይ አነበብኩላት፦ ልጅሽ ትናንት ማታ አጥንታለች?

"አላጠናችም።"

"አላጠናችም" የሚለውን ነካሁና ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አለፍኩ። ለምን እንዳላጠናች መጠይቁ አይጠይቅም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ቀና ብላ እንዳላየችኝ ልብ ያልኩት ከወጣሁ በኋላ ነው።

ረቡዕ

በሁለቱ ግቢዎች መካከል አጥሩ ላይ ክፍተት ነበረ። ሴቶቹ እሳትም ጨውም ሲፈልጉ፣ ልጆቹም ሲመላለሱ በዚያው ነበር። ዛሬ ስደርስ በእሾህ ተዘግቷል።

አበበችን ጠየቅኳት። ሰኞ ማታ ሣራ እንደ ልማዷ መጽሐፏን ይዛ ሄደች። ታደለች በር ላይ ጠበቀቻትና "የጥናት ሰዎች ከልክለውኛል፤ ዛሬ ቤትሽ አጥኚ" አለቻት። ልጅቱ ተመለሰች።

"የምሕረት እናት እኮ ሣራን ስወልድ ገንፎዬን ያገነፋች ናት" አለች አበበች። "መብራት አገኘሁ ብላ ልጄን ከደጅ መለሰች። ደግሞ ሰው ከለከለኝ ትላለች! ማነው ልጅ አብሮ እንዳያጠና የሚከለክል?"

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ።  "ነገሩን አጣራለሁ" አልኳት። ምኑን እንደማጣራ እንጃ።

ሐሙስ

ለዶክተር ደወልኩ። የጥናቱ መሪ እሱ ነው። ሰኞ ለታደለች የሰጠሁትን መልስ ነገርኩት።

"ደግ አደረግሽ" አለኝ። እንዲህ ይላል ብዬ አልጠበቅኩም።

"ዶክተር፣ ጎረቤቶቹ እኮ ተጣሉ። ልጅቷም ፈተና አለባት።"

"ይገባኛል። ግን ያላገኘው ካገኘው ጋር ከተቀላቀለ መብራቱ ይጥቀም አይጥቀም አናውቅም። ካላወቅን ደግሞ የሌላው መንደር ልጅ ሁሉ በኩራዝ ይቀራል። ትንሽ ታገሺ።"

ክፉ ሰው አይደለም። የሚለውም ውሸት አይደለም፤ እኔም ኢኮኖሚክስ የተማርኩት ይህንኑ ነው። እሺ ብዬ ዘጋሁ። ከሰዓት በኋላ አምስት ቤት ዞሬ መጠይቅ ሞላሁ። ምን እንደጠየቅኳቸው አላስታውስም።

ዓርብ

የሒሳብ መምህራቸው ዳንኤል ትምህርት ቤቱ በር ላይ አስቆመኝ። ሣራ ከማክሰኞ ጀምሮ አልመጣችም። የፈተና መግቢያ ካርዷንም አልወሰደችም። "ከክፍሉ ጎበዝ እሷ ናት፤ ምሕረትን ሒሳብ የምታስጠናት እሷ ነበረች" አለኝ።

በሩጫ ነው የወጣሁት። ሣራ ጓሮ በቆሎ ትኮተኩታለች። የቀረችው በመብራቱ ምክንያት እንደሆነ ጠየቅኳት።

"መብራቱን ምን አደርገዋለሁ? በኩራዝ አይደል እዚህ የደረስኩት?" አለች መኮትኮቷን ሳታቆም። "ማዘር ታደለች ስትመልሰኝ ምሕረት ከኋላዋ ቆማ ታየኝ ነበር። አንድ ቃል አልተናገረችም።"

 ከዚያ ቀጥታ ታደለች ቤት ገባሁና የከለከልኩት እኔ መሆኔን፣ መመሪያው እንደዚያ እንደማይል፣ ከዛሬ ጀምሮ አብረው እንዲያጠኑ ነገርኳት። 

"አሁን ነው የምትነግሪኝ እህቴ?" አለች። "የመንግሥት ትእዛዝ ነው ብዬ፣ የሰው ልጅ ፊት እያየሁ በር ዘጋሁ። ሳምንቱን ሙሉ ምግብ አልበላ አለኝ።"

ነጠላዋን አነሳችና አብረን በዋናው መንገድ ዞረን አበበች ቤት ሄድን። አበበች በርጩማ አቀረበችልን። በጋሞኛ እኔው አስረዳሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። አበበች ሰማችኝ፤ ለታደለችም ውሃ ሰጠቻት። ሁለቱም ትንሽ አለቀሱ። እርቅ መስሎኝ ልቤ ቀለለኝ።

ሣራ ግን ከጓዳ አልወጣችም። እናቷ ሁለት ጊዜ ጠራቻት። ምሕረትም ተከትላን መጥታ ከደጅ ቆማ ጠራቻት። አልመለሰችም።

ቅዳሜ

አርባ ምንጭ ወርጄ አብረው እንዲያጠኑ መፍቀዴን ለዶክተር ፊት ለፊት ነገርኩት። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

"ሁለቱን ቤቶች ከጥናቱ አውጪያቸው" አለ። "ቀሪውን መንደር ሌላ ሰው ይሥራው። አንቺ ቢሮ ሆነሽ ዳታ ታጠሪያለሽ።"

"ቋንቋውን የሚችል የለም እኮ።"

"አስተርጓሚ እንፈልጋለን።" ከዚያ "ለልጅቷ አዝኛለሁ። ግን ሁሉም ሠራተኛ በየመንደሩ እንደዚህ ቢያዝን ምን እናውቃለን?" አለኝ።

"አዝኜ አይደለም፤ ያበላሸሁት እኔ ስለሆንኩ ነው" አልኩት። 

ከቢሮው ስወጣ ዓባያ ሐይቅ ከታች ቡናማ ሆኖ ተኝቷል። ሰኞ ዕለት "እስቲ ልጠይቅና ልንገራችሁ" ብል ኖሮ ምን ይጎድልብኝ ነበር?

እሑድ

ለመሰናበት ወጣሁ። ሰው ሁሉ ጸሎት ቤት ስለነበር ዛፍ ሥር ጠበቅኩ። ታደለችና አበበች ጎን ለጎን ወጡ። ልጆቹ ለየብቻ።

መምህር ዳንኤል የሣራን ካርድ ይዞ መጥቶ ለአበበች ሰጣት። አበበች ወደ እኔ ዞር ብላ "በአንቺ ቂም የለኝም" አለችኝ። "ካርዱንም እሰጣታለሁ። ግን ነገ ተነሺና ሂጂ ብዬ ላስገድዳት አልችልም። ሣራ እንደ አባቷ ናት፤ የተቀየመች እንደሆን ዓመት ይፈጅባታል።"

ሣራን ላናግራት ፈለግኩ። ከሩቅ አየችኝና በአክብሮት አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላምታ ሰጥታኝ አለፈች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ

ፈተና። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። የሁለቱን ቤቶች መረጃ ከዳታው አወጣሁ። ታብሌቱ "እርግጠኛ ነዎት?" ብሎ ጠየቀኝ።

ከሰዓት በኋላ መምህር ዳንኤል ደወለ። መስመሩ ይቆራረጣል፤ ከጀርባው ጣሪያው ላይ ዝናብ ይወርዳል።

"መጥታለች" አለኝ። "የመጀመሪያው ፈተና ሊጀመር ሲል ደረሰች። አማርኛውን ግን ቶሎ ጨርሳ ነው የወጣችው፤ እንዴት እንደሠራች እንጃ።"

ጠረጴዛው ላይ በግንባሬ ተደፋሁ። "ከምሕረት ጋር አወሩ?" አልኩት።

"እኔ አላየሁም።"

"ሲወጡስ? አብረው ነው ወደ ቤት የሄዱት?"

"ዝናቡ ሲመጣ ሁሉም ተበትኖ ሮጠ" አለኝ። "ማን ከማን ጋር እንደሄደ በምን ልወቅ?"