ወልዴ፣ ቱምቢህን ለተክሌ ሰጠሁት

ወልዴ፣ የቤቴ አባወራ፣

ከተለየኸኝ ሰባተኛ ወር ያዘ። ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። ቄሱ አባቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ ዳዊት እንድደግምበት ነበር እንጂ ለባሌ ወረቀት እንድሰድበት አልነበረም። ምን ላድርግ ታዲያ? በዚህ ቤት የማወራው ሰው አጣሁ። አስካለ ከግድግዳ ጋር ማውራት ጀመረች ብለው ኮልፌን ሁሉ ሳያዳርሱት፣ ወረቀቱ ይሻለኛል ብዬ ነው።

በጓሮ የጀመርከው አጥር እንደተውከው ጉልበት ላይ ቆሟል። የሰው ግንብ ስታቆም ኖረህ የራስህን ሳትጨርስ ሄድክ፤ ይኸው የጎረቤት ፍየል እየዘለለች ጎመኔን ጨረሰችው። በክረምቱ ጣራው አንተ በምትተኛበት በኩል ስላፈሰሰ አልጋውን ብቻዬን ጎትቼ ወደ በሩ አዞርኩት። እራት ሳቀርብ እጄ አሁንም የሁለት ሰው ያወጣል፤ ትዝ ሲለኝ ግማሹን እመልሳለሁ። በየወሩ በሃያ ሰባት ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም መቃብርህ ዘንድ እሄዳለሁ። ኬላው ላይ የቆመው ጣልያን ቅርጫቴን በርብሮ ከጧፍ በቀር ሲያጣ ያሳልፈኛል። ሌላ ወሬ የለኝም፤ ቤቱ ጭር ብሏል።

የምጽፍልህ ግን ግንብ ስለምታቀናበት ቱምቢህ ነው። ከነገመዱ ትራሴ ሥር ደብቄው ነበር፤ ለማንም አልሰጥም ብዬ። ሲከፋኝ ከገመዱ ጫፍ ያለውን የእርሳስ ድብልብል በመዳፌ እይዘዋለሁ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ አብረውህ ይገነቡ የነበሩት ሦስቱም መጡ፤ ሽብሩ፣ መርጋና ተክሌ። ካረፍክ ወዲህ ጣልያን በሚያቋቁመው አዲሱ ገበያ የመጋዘን ግንብ ሲሠሩ ነው የከረሙት። አሠሪው እስከ ሰኞ ጠዋት አንድ ካፖ ካልሰየማችሁ በየፊናችሁ በትኜ ወደ መንገድ ሥራ እሰዳችኋለሁ ብሏቸዋል። አለቃ የሌለው ቡድን አላምንም ማለቱ ነው። ያ የመንገድ ሥራ ደረትህን በልቶ ለሞት እንደመለሰልኝ ያውቃሉ። ግን ሦስቱም እኔ ልሁን ማለቱ አሳፈራቸውና ነገሩን እኔ ላይ ጣሉት። ቱምቢው እርስዎ እጅ ነው፣ ለሰጡት እንታዘዛለን አሉኝ። እነሱ ከተበተኑ ያንተን ስም እያነሳ ደጄን የሚረግጥ ሰው አይኖረኝም።

እውነቱን ልንገርህ፣ በልቤ ያሰብኩት ሽብሩን ነበር። እንደሱ እጁ የፈጠነ ግንበኛ የታለ? ወዲያው ግን ያ የማዕዘኑ ነገር ትዝ አለኝ። ሽብሩ ማዕዘኑን አጣሞ ሲያነሳው ከመጀመሪያው ረድፍ አይተህ ዝም ብለህ መጣህ። እኔ እንዴት እንደተቃጠልኩ! ሞኝ ነህ፣ ነገ ቢወድቅ የሚጠፋው ያንተ ስም ነው፣ ምከረው ምከረው እንቢ ካለ መከራ ይምከረው የተባለው ለእሱ ነው አልኩህ። ሳቅህ። በማግስቱ ቱምቢውን ለሽብሩ ሰጥተህ አንተ ውሃ ልትቀዳ ወረድክ። እሱም ገመዱን አንጠልጥሎ አየና ማንም ሳያዘው በገዛ እጁ አፈረሰው። ከዚያ ወዲህ የሽብሩ ማዕዘን ዝንፍ ብሎ አያውቅም። ውሃው እኮ ያን ያህል ሩቅ አልነበረም፤ ሆን ብለህ ነው የዘገየኸው።

ተክሌንስ ብትል? ከገበያ ሸክም ሲሸከም አግኝተህ ነው ያመጣኸው። ያን ግዙፍ የመሠረት ድንጋይ ማንሳት ቢያቅታችሁ፣ አንተ ብትሆን በየት በኩል ትይዘዋለህ ብለህ ጠየቅኸው። ግንበኛ ከኩሊ ምክር ለመነ ብዬ ሳምንት ሙሉ አሾፍኩብህ። ድንጋዩ ግን እሱ ባለው በኩል ተነሳ፤ ተክሌም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአጠገብህ አልጠፋም።

ይህን ሁሉ ሳሰላስል ሦስቱም አፌን እያዩ ነበር። ሽብሩ ልል አፌን ስከፍት የወጣው ያንተ ቃል ሆነ።

«እናንተስ ምን ይመስላችኋል?»

እኔም እንደ አንተ ለመታገስ ምላሴን ነከስኩ፤ ለእኔ መቼም ይህ እንዴት ያለ ሥቃይ እንደሆነ ታውቃለህ። በመጨረሻ ሽብሩ፣ ያ ኩሩው ሽብሩ፣ አቀርቅሮ ተናገረ።

«እኔ ግንብ አቀና እንደሁ እንጂ ሰው አላቀናም። ተክሌ ይሁን።»

መርጋ ዝም አይነቅዝም ብሎ የሚኖር ሰው፣ በዚያ ቀን ግን አወራ። «ዓይኔ መድከሙን ከሁሉ በፊት ያየው ተክሌ ነው፣ ለማንም ትንፍሽ ሳይል የምጠርበውን ድንጋይ ፀሐይ ወዳለበት ያስጠጋልኛል» አለ። ሽብሩ ይህን አያውቅም ነበር። ተክሌ ዓይኑ እንባ ሞላ። ቱምቢውን ከትራሴ ሥር አውጥቼ ሰጠሁት። ሰኞ ጠዋት ስሙ ተመዘገበ፤ አልተበተኑም።

ሲሄዱልኝ ቤቱ መልሶ ጭር አለ፤ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አንተ እራት ላይ የቀኑን ችግር ነግረኸኝ አንቺስ ምን ይመስልሻል ስትለኝ፣ እኔ ግንበኛ ነኝ ወይ፣ ምን አውቅልሃለሁ እልህና እራቱ እስኪቀዘቅዝ አወራ ነበር። መልሱን ያላወቅህ መስሎኝ ነበር እኮ! አንተ ግን እያወቅህ ነበር የምትጠይቀኝ። የሦስቱን ሰዎች ነገር ለይቼ እስካውቅ ድረስ ለካ እኔንም ስታሠለጥነኝ ኖረሃል። አሁን ምን ይመስልሻል የሚለኝ ሰው የለም። ከሁሉ የናፈቀኝ እሱ ነው።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ፣ ወልዴ። አምና ከእናንተ መሀል አንድ ሰው ለመንገድ ሥራ ይምጣ ሲባል፣ ማንንም ሳታማክር እኔ እሄዳለሁ ብለህ መጣህ። እግርህን እየታጠብክ ቀና ብለህ አየኸኝ። የሆነ ነገር ትጠብቅ ነበር። እኔ ግን አብደሃል ወይ ብዬ ጮህኩብህ፤ ሌሊቱንም ጀርባዬን ሰጥቼህ አደርኩ። ፈርተህ እንደነበር አሁን ነው የማውቀው። አገሩን ሁሉ ስትጠይቅ ኖረህ አንተን የጠየቀህ ሰው አልነበረም። እኔ ሚስትህ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ትዳራችን፣ አንድ ቀን እንኳ አንተስ ምን ይመስልሃል ብዬህ አላውቅም። ይቅር በለኝ።

ስለዚህ ረቡዕ ዕለት ሽብሩንና መርጋን ለብቻ ጠርቼ አንድ አደራ ሰጠኋቸው። ተክሌ እናንተን ይጠይቃል፤ እናንተም እሱን ጠይቁት፣ ፊቱ ሲከብድ አይታችሁ አትለፉት አልኳቸው። ገባቸው። አጥሩን እንጨርስልዎ ሲሉኝ ግን እምቢ አልኩ። ያንተ እጅ የነካው ግንብ ላይ የሌላ ሰው ድንጋይ ለማየት ገና ነኝ፤ ፍየሏ ትብላ።

እኔም እራቴን ሳቀርብ ወደ ቦታህ ዞሬ የቀኑን ነገር እነግርህና፣ አንተስ ምን ይመስልሃል እልሃለሁ። ዘግይቻለሁ፣ አውቃለሁ። እዚያ አጠገብህ እስክመጣ ድረስ ግን ሳልጠይቅህ እህል አልቀምስም።

ሚስትህ አስካለ
ኮልፌ